አያ ደምሌና ተሰልፎ የበቀለው ሣር

ያን ቀን በረዶው ባይወርድ ኖሮ አያ ደምሌና የወንድማቸው ልጅ አዜብ ባልተገናኙ፤ የጓሮውም ነገር ባሕር ዛፍ ሆኖ በቀረ ነበር። ግንቦት እንደ ገባ ነው። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ገበያ ሳይበተን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ሰዉ ሁሉ ባገኘው ጣሪያ ሥር ተወሸቀ። አያ ደምሌም በትራቸውን ይዘው ከአንድ ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ቆሙ። ቆሙ ከተባለ ነው እንግዲህ። አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ፤ ከዚያ ጥግ ወደዚህ ጥግ ይመላለሳሉ፤ ባለ ወፍጮውን "ያባራ ይሆን?" ብለው ይጠይቁትና መልሱን ሳይሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሰውየው ከጥንትም እንዲህ ቅብዝብዝ አልነበሩም። እርፍ ጨብጠው ያረጁ፣ ገብስ ውስጥ የገባ ሲናር ከሩቅ ለይተው የሚነቅሉ፣ በአረም ሰሞን አገር የሚያወድሳቸው ገበሬ ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ግን መሬቱንም በሬዎቹንም ለጎረቤታቸው ለካሣሁን በእኩል ሰጡ። ከዚያ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈታ፤ እጅ ሥራ ሲፈታ ደግሞ እግር አያርፍም። ከደጅ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ አጥር ሲሉ ይውላሉ። ሚስታቸው እትዬ አማረች "ኧረ ቁጭ በሉ፣ እኔን አዞረኝ" ማለትም ከሰለቻቸው ሰንብቷል።

አዜብ ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ በረንዳው ገባች። በዚያው ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምር ወጣት ናት፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደጓት አያ ደምሌ ናቸው።

"አያ፣ እርስዎ ነዎት? እንዴት ሰነበቱ? እትዬ አማረችስ ደኅና ናቸው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። አንቺ ልጅ ግን ጠፋሽ። ከተማ እንዲህ ያስረሳል?"

"የፈተና ሰሞን ሆነብኝ እንጂ መች እረሳችኋለሁ። ገበያ ምን ሊገዙ ወጡ?"

"የባሕር ዛፍ ችግኝ ላዝዝ ነው። ለሐምሌ ይደርሳል ብለውኛል። ጓሮውን ላለብሰው።"

"የቱን ጓሮ?"

"ስንት ጓሮ አለኝ? ከውሃ ጉድጓዱ ራስጌ ያለውን ነዋ።"

አዜብ ጉድጓዱ ታሰባት። ያን ጉድጓድ አያ ደምሌና አባቷ ሆነው ነው የቆፈሩት። በበጋ የአካባቢው ምንጭ ሁሉ ሲነጥፍ እንኳ እሱ አይነጥፍም።

"አያ፣ እንዳይቆጡኝ። ባሕር ዛፍ ሥሩን ወደ ውሃው መስደዱ አይቀርም። ጉድጓዱ ቢደርቅስ?"

"ዛፍ ሁሉ ውሃ ይጠጣል። ባሕር ዛፍ መቼም አሳፍሮኝ አያውቅም። ተክለሽ ትረሺዋለሽ፤ አትኮተኩችው፣ አታርሚው፤ ሲደርስ ቆርጠሽ ትሸጪዋለሽ።"

"እስኪደርስ ግን መሬቱ ስንት ዓመት ይታሰራል።" ከቦርሳዋ ትንሽ ከረጢት አውጥታ መዳፋቸው ላይ ጥቂት ፍሬ አፈሰሰች።

"ጥቁር አዝሙድ ነው?"

"የባሮ ሽንኩርት ዘር ነው። ያ እግሩ ነጭ፣ ቅጠሉ ሰፊው ሽንኩርት። ግቢዬ ውስጥ ልዘራው ገዝቼ አከራዬ ቦታ ከለከሉኝ። እስከ ሐምሌ ከጓሮው ጥቂት ይስጡኝ።"

አያ ደምሌ ሳቁ። "በሬ የተከተለ ሰው በስተርጅናው የሽንኩርት ዘበኛ ሊሆን? አገሩ ምን ይለኛል?"

"አገሩ የሚለውን ይበል። እርስዎ እንደሆነ የሚያጡት ነገር የለም፤ ችግኝዎ የሚመጣው ሐምሌ ነው።"

"በይ እሺ። ሐምሌ ላይ ይኸ ባሮሽ ሰው ከሆነ እንነጋገራለን። ካልሆነ ባሕር ዛፌ ይገባል፤ ያኔ እንዳታኮርፊኝ።"

በዚህ ተስማሙ። አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌው እሺ ያሉት አምነው እንዳይመስልህ። ልጅቱን ሊያስደስቱ፣ ደግሞም እስከ ሐምሌ የሚመላለሱበት ነገር ሊያገኙ ነው።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አዜብ በባጃጅ መጣች። አፈሩን አለስልሳ፣ ጓሉን ለቅማ፣ ከፍ ያለ መደብ ሠራች። ከዚያም በእንጨት ቀጭን መስመር እያሰመረች ዘሩን በመስመሩ ላይ ታኖር ጀመር። አያ ደምሌ ጥቂት አዩና አልቻሉም።

"ምን ዓይነት አዘራር ነው? ዘር ይበተናል እንጂ እንደ መቁጠሪያ ይደረደራል?"

"ሲበቅል ከአረሙ እንድንለየው ነው፣ አያ።"

"ለማን ነው የምትነግሪው? ደምሌ አረም ሊጠፋው?"

እትዬ አማረች ከደጃፍ ሆነው "አዜብዬ፣ ተይ ክርክሩን፣ አይሆንልሽም" አሉ። በመጨረሻ መደቡ ተከፈለ። ግማሹን አዜብ በመስመር ዘራች፤ ግማሹን አያ ደምሌ ገብስ እንደሚዘራ ሰው እጃቸውን ዘርግተው በተኑት። ሁለቱንም ስስ አፈር አልብሰው ሣር ጎዘጎዙበት።

"ይኸ ዘር ዘገምተኛ ነው" አለች አዜብ ስትሄድ። "ሁለት ሳምንትም፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ያርከፍክፉለት እንጂ አይጎርጉሩት። ብቅ ሲል ጉዝጓዙን ያንሡለት።"

አይጎርጉሩት ማለት ለአያ ደምሌ ጎርጉሩት እንደማለት ነው። ገና በሳምንቱ በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር አድርገው አዩ። አንዷን ፍሬ አውጥተው አገላበጧት፤ እንደነበረች ናት። መለሷት። በማግሥቱ ሌላዋን አወጡ። "ይኸ ዘር የሞተ ነው፤ ከተሜ አታልሏት ነው" እያሉ ለእትዬ አማረች ይነግራሉ፤ ማታ ደግሞ ይተክዛሉ። ይህን የሚያህል ጭንቀት ለእርሻቸውም ተጨንቀው አያውቁም።

አንድ ጠዋት በጉዝጓዙ መሐል አረንጓዴ ነገር አዩ። ሣሩን ቢያነሡት ፀጉር የመሰለ ቀጫጭን ቡቃያ መደቡን ሞልቶታል። ሽንኩርት ሲሉ በልባቸው ያሰቡት ወፍራም ነገር ነበርና ጭራሽ አልጠረጠሩም። "ሙጃ ነው፤ ሰይጣን! ሽንኩርቱ ሳይበቅል ቀድሞት ወጣ" አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። ብዙ ጊዜ ሥራ የጠማው እጅ ነው። ሥር ሳያስቀሩ፣ አፈር ሳያበላሹ፣ ከዳር ጀምረው እየለቀሙ የበተኑትን ግማሽ አጸዱት። ደስ አላቸው። ያን ለታ እግራቸው እንኳ አልተቅበዘበዘም።

ከዚያ ወደ አዜብ ግማሽ ዞሩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሙጃው ተሰልፎ ቆሟል። አንዱ መስመር እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ቀጥ ብሎ።

ስንት ዘመን ሲያርሙ ሙጃ ተሰልፎ ሲበቅል አይተው አያውቁም። ከነቀሉት ክምር አንዱን አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጫፉ እንደ ጉልበት ታጥፏል፤ ጫፉ ላይ ያች ጥቁር ፍሬ እንደ ቆብ ተደፍታለች። ሌላውን አነሡ፤ እሱም ባለ ቆብ ነው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ ነበር እናቴ፤ እኔስ ለቅሜ አፈሰስኩት" አሉ ለራሳቸው። መልሰው ለመትከል ሞከሩ፤ ክር የሚያህለው ነገር በጣታቸው መሐል ይጠወልጋል እንጂ አይቆምም።

እስከ ረቡዕ የነበረው ጊዜ ለአያ ደምሌ መከራ ሆነ። አንድ ሐሳብ መጥቶ ሹክ ይላቸዋል። የቀረውንም ነቅለህ "አልበቀለም" ብትልስ? ማን ያውቃል? ክርክሩን ትረታለህ፤ ባሕር ዛፉ ይገባል፤ ያገርም መሳቂያ አትሆንም። ሁለት ጊዜ መደቡ አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ጉድጓዱ ዳር ሲደርሱ ወንድማቸው ትዝ ይላቸዋል፤ የእሱን ልጅ በዚህ ዕድሜያቸው ሊያታልሏት ነው፤ በራሳቸው አፈሩ።

ረቡዕ አዜብ ገና አጥር ሳትገባ ተቀበሏት። "ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ግማሹን ሙጃ መስሎኝ ነቀልኩት።"

አዜብ መደቡን አየች፤ ክምሩን አየች። ፊቷ ቅጭም አለ፤ ቆይታ ግን ረገብ አለች። "የቱን ግማሽ?"

"የራሴን። የበተንኩትን። ያንቺ ተሰልፎ ቢቆም ነው የነቃሁት።"

"እንግዲያማ ዘሩ ራሱ መልስ ሰጠልኝ፤ እኔ ምን እጨምራለሁ። የቀረው ለዚህች ጓሮ ይበቃል፣ አያ። ጓሮውን ከሰጡኝ ነው ታዲያ።"

"እሱስ ሌላ ነገር ነው።"

እትዬ አማረች እንስራቸውን አስቀምጠው መጡ። "ምኑ ነው ሌላ ነገር? ባሕር ዛፉ ጉድጓዱን ቢያደርቀው በዚህ ወገቤ ወንዝ የምወርደው እኔ አይደለሁ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ውሃ ደጄ እያለ ልጠማ ነው? ሲማከሩ እኔን የጠየቀኝ አለ?"

አልጠየቋቸውም። አያ ደምሌ አንገታቸውን ደፉ። ቆይተው በበትራቸው መሬቱን እየነኩ ተናገሩ።

"እውነቱን ልንገራችሁ። ባሕር ዛፍ የመረጥኩት ሰው ስለማይፈልግ ነው። ተክሎ መርሳት ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ በሬው ካሣሁንን ለመደ፤ የሚፈልገኝ ነገር የለም። የሚያስፈልግ ሰው ባልሆንኩበት ጊዜ ሰው የሚፈልግ ተክል ምን ያደርግልኛል?"

አዜብ ይህን አልጠበቀችም። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

"ባሮው ግን ይፈልግዎታል። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ነኝ። ጠዋት የሚያጠጣው፣ ሙጃውን የሚለይለት ማነው? ጉልበት አይጠይቅም፤ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። የሚጠይቀው ዓይንና ትዕግሥት ነው። ዓይኑስ አለዎት።"

"ትዕግሥቱ ነው የጠፋው።"

"እሱን ባሮው ራሱ ያስተምርዎታል። ደግሞ ባሕር ዛፉን ይተዉ አላልኩም። ከገደሉ አፋፍ ያለው ድንጋያማ ቦታ ገብስም አያበቅል፣ ውሃም የለው። እዚያ ይተከል።"

ሽማግሌው ወደ አፋፉ ተመለከቱ። "አገሩ ምን ይላል" የሚለው ነገር አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጡት።

ሐምሌ መጣ። የባሕር ዛፉ ችግኝ በካሣሁን ትከሻ አፋፉ ላይ ወጣ። ባሮውም እርሳስ አክሎ ለመዛወር ደረሰ። አዜብ ለእያንዳንዱ ችግኝ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ እንደሚያስፈልግ ስትናገር አያ ደምሌ ያን ይዘው የሚንከራተቱበትን በትር ዘቀዘቁና መሬቱን ይወጉ ጀመር። አዜብ ችግኙን እየጣለች ውሃ ታፈስሳለች።

"አፈርስ አትመልሽበትም?"

"ውሃው ራሱ ያወርድለታል። ጥልቅ ውስጥ ሲያድግ ነው እግሩ የሚነጣውና የሚረዝመው።"

"ለካስ ዝም ብለው ቢተዉት የሚያምር ነገርም አለ" አሉ አያ ደምሌ።

ክረምቱ ወጣ፤ ባሮው ወፈረ። ጥቅሙን እነሆ ልንገርህ፣ አንባቢ። ቀይ ሽንኩርት በተወደደ ጊዜ እትዬ አማረች ከጓሮ ነቅለው የጾሙን ድንች ወጥ ሠሩበት። ባሮ ጎተራ አያስፈልገውም፤ መሬቱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ የምትፈልገውን ያህል ነቅለህ ሌላውን ትተዋለህ። ጉድጓዱ በበጋውም አልደረቀም። ዘሩ ግን መሰንበት አይወድም፤ እንደ በቆሎ ከምድጃ በላይ ሰቅለህ ካጨስከው ይሞታል፤ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጠህ ቶሎ መዝራት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ደግሞ በገበያ የሚሸጥ አይደለም። አያ ደምሌ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ቦታ አገኙ፤ እትዬ አማረችም "ቁጭ በሉ" ማለትን ረሱ።

በዓመቱ ግንቦት አዲስ ዘር ዘሩ፤ ሁሉንም በመስመር። ካሣሁን በሬ ሊያሳይ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ያወራል፤ ሲያወራም ዝቅ ብሎ ከመደቡ ዳር አንድ ክር የመሰለ ቡቃያ ይዞ ሊመዝ ሲል አያ ደምሌ እጁን ያዙት።

"ምነው አያ፣ ሙጃ እኮ ነው።"

"ሙጃ ተሰልፎ አይበቅልም። ጎንበስ በልና ጫፉን እየው።"

ካሣሁን አየ። ጥቁሯን ቆብ ጣቱ ጫፍ ላይ አድርጎ ብዙ አገላበጣት። "ይኸን ነገር ለእኔም ጓሮ ታገኙልኝ ይሆን? ሚስቴ ባሮውን ከሰጣችኋት ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።"

"ዘሩን ከአዜብ አስመጣልሃለሁ" አሉ አያ ደምሌ፣ የያዙትን እጅ ሳይለቁ። "መጀመሪያ ግን በዚህ እጅህ ማልልኝ። ምን እንደበቀለ እስክታውቅ ድረስ አትነቅልም።"