ሐሙስ የማይታይ ጉልበት

ከገሱባ ወደ ሶዶ በምንሄድበት ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ አጠገቡ ያለችው ሴትዮ የሶዶ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሆኗን ሲሰማ ጉልበቱን ያሻሽ ጀመር።

«ሲስተር፣ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ዞረብኝ።»

«ወዲያው አበጠ?»

«በማግስቱ።»

«አንዳንዴ አልዘረጋም ይልሃል?»

«ደረጃ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል።»

«በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ ያለች ልም አጥንት አለች። እሷ ተቀድዳ ይሆናል። ሐኪም ይይህ፣ ኤምአርአይም ሊያዝልህ ይችላል።»

«ከዚያ ኦፕራሲዮን ነዋ?»

«እሱን ሐኪሙ ይወስናል። ብዙ ሰው ግን በስፖርት ብቻ ይሻለዋል። እስካሁን ምን አደረግህ?»

«አማቴ ወጌሻ ናቸው። እሑድ እሑድ በቅቤ ያሹኛል።»

«ታዲያ ተሻለህ?»

«እንዲያውም ባሰብኝ። ግን አማት ናቸው፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ተሻለኝ እላለሁ። ዛሬም ሐኪም ጋ ልታይ ስመጣ ገበያ ብዬ ነው የወጣሁት።»

«በል መታሸቱን ተው። ሐኪሙ ካየህ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ጋ እየመጣህ ስፖርቱን ትሠራለህ።»

«ሐሙስ እንኳ ይቅርብኝ። አማቴ ሐሙስ ሐሙስ ዘመድ ጥየቃ ብለው ሶዶ ይመጣሉ። ሆስፒታል በር ላይ ካዩኝ አለቀልኝ።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞር አለች።

«ግራጫ ኮት ይለብሳሉ? ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸውን ይዘረጋሉ?»

«አዎ፣ እርጅና ነው ይላሉ። ያውቋቸዋል እንዴ?»

«እንግዲያው አንተ ማክሰኞ ብቻ ና።»

እኔ ሶዶ እስክንገባ ድረስ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ።