የአተሩ ክሽክሽና የጎተራው ዱቄት

ከአሰላ ወደ አዳማ ስንሄድ ኢተያ ሳንደርስ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ሲከራከር ሰምቶ ማለፍ አይሆንልኝም። ከመንገዱ ዳር ካለው የአተር ማሳ ድምፅ ብሰማ ዘው ብዬ ገባሁ።

አቶ ገብረ ማርያም የሚባሉ አዛውንት ገበሬ የመርዝ ዱቄት በላስቲክ ይዘው ቆመዋል። ራቢያ የምትባል የቀበሌው ወጣት የግብርና ባለሙያ ከፊታቸው ቆማ አላሳልፍ ብላቸዋለች።

«ተይኝ ልጄ» አሉ። «ለዓመት ሽሮዬም ለዘሬም ያለኝ ይሄው ማሳ ነው፤ ይህ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ጨረሰብኝ። ይህ ዱቄት የጎተራዬን ነቀዝ ድራሹን አጥፍቶታል። ለክሽክሽ እንዴት ያቅተዋል?»

እውነቱን ልናገር፣ ለእኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሽ ነስንሰውበት የለ? ክሽክሹ ቀነሰልዎት?» አለች ራቢያ።

«ኧረ ባሰበት! ለዚህ አይደል ልደግመው የመጣሁት?»

ራቢያ ከቦርሳዋ አጉሊ መነጽር አውጥታ አንድ ቀንበጥ ገልብጣ አሳየቻቸው። «እስቲ የክሽክሹን አፍ ይዩልኝ።»

ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «መርፌ ይመስላል» አሉ።

«ነቀዝ መንጋጋ አለው፤ እህሉን ሲቦረቡር ዱቄቱንም አብሮ ይበላል። ክሽክሽ ግን አያኝክም። ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ መርፌውን ይሰካና ከውስጥ ይመጥጣል። የእርስዎ ዱቄት ከላይ ቀርቷል።»

«እሺ ይቅር። ክሽክሹ መጨመሩስ ከምን መጣ?»

ዱቄት ወዳልነካው ግማሽ ወሰደቻቸው። ጀርባዋ ቀይ የሆነ፣ ጥቁር ነጥብ ያላት ጥንዚዛ ቀንበጡ ላይ ነበረች። ሽማግሌው ተባይ ናት ብለው ሊጨፈልቋት ሲሉ ራቢያ እጃቸውን ይዛ መነጽሩን ሰጠቻቸው።

«ክሽክሹን እያኘከችው ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«በዚያኛው ግማሽ ግን አንዷም አልቀረች። መንጋጋ ያላትን ገድለው መርፌ ያለውን አተረፉ፣ ጋሼ።»

አነጋገሯ ጠንከር ቢልም ደስ አለኝ። እሳቸውም አልተቀየሙም። «ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ።

«ክሽክሽ የወረረውን ቀንበጥ ቆርጠው ይቅበሩ። ሌላውን ከቅጠሉ ሥር የሳሙና ውኃ ይርጩት፤ ጥንዚዛ ያለችበትን አይንኩ። እሷ ያለ ደመወዝ ትሠራልዎታለች፤ ሽሮዎም ዘርዎም ይተርፋል። ዱቄት የነካውን ግን ሰውም ከብትም እንዳይቀምሰው።»

ይህን ስትል አቶ ገብረ ማርያም ወደ መንገዱ ዞሩ። ተሳፋሪዎቹ እንደ አገሩ ልማድ ከማሳው ዳር እሸት መቅጠፍ ጀምረዋል። እሸት የሚከለክል ገበሬ በዚህ አገር ስሙ ይጠፋል። ሽማግሌው ግን እየሮጡ ደርሰው ከአንዲት ሕፃን እጅ አተሩን ነጠቁ። እናትየዋ ተቆጣች።

«መርዝ ነስንሼበታለሁ፤ ሁላችሁም ጣሉት» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በዕድሜዬ ከማሳዬ ሰው መልሼ አላውቅም።»

የያዙትን ዱቄት ለራቢያ ሰጧትና እጃቸውን በጄሪካን ውኃ በሳሙና ታጠቡ፤ እሸቱን የነካውንም ሁሉ አስታጠቡ። ከዚያ ሕፃኗን ከነእናቷ፣ ተሳፋሪውንም አስከትለው ጥንዚዛዎቹ ወዳሉበት ግማሽ መሩን።

«ይኸኛው ንጹሕ ነው» አሉ። «እስክትጠግቡ ቅጠፉ፤ ቀይዋን ብቻ እንዳትረግጡብኝ።»