የኢፍቱ አስተርጓሚ

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ኦቦ ከማለዲን ተቀመጡ። ልጃቸው ኢፍቱ ጆሃንስበርግ ከገባች ቆይታለች፤ አሁን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት እየታከመች ነው።

“ለአረፋ ትመጣለች፤ ዲኖ ነግሮኛል” አሉኝ ፊታቸው በርቶ። ዲኖ እዚያው የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ኢፍቱ እንግሊዝኛ ስለማትችል ክሊኒክ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው።

“ኦቦ፣ ሮቤ ከማስተምራቸው የእንግሊዝኛ ተማሪዎች የበረቱትን በስልክ ማስተርጎም አሰልጥኛለሁ፤ በየአገሩ ከተማ ለተሰደዱ ልጆቻችን ነው። ከእነሱ አንዷ፣ ሰቢሪና፣ ታስተርጉምላት።”

“ዘመድ እያለ የባዕድ ልጅ ገመናዋን ትስማ?”

“ሰቢሪና የሰማችውን ለማንም አታወራም፤ ደንባችን ነው። ዘመድ ግን ያለሳልሳል።”

“ቢያለሳልስስ? እኛ ክፉ ወሬ ሰው ፊት ላይ አንወረውርም፣ ቲቸር። እናንተ የተማራችሁት ይሉኝታ የላችሁም።”

“መርዶ ከሆነ ይሁን። ይሄ ግን ሕክምና ነው።”

“አንድ ጊዜ ይሞክሯት እንጂ፣ ኦቦ!” አለች ከኋላችን የተቀመጠች ሴት። “አለበለዚያ ቲቸሯ እስከ ሮቤ አታሳርፈንም።”

እሳቸውም ሳቁና “ኢፍቱ ከፈቀደች” አሉ።

ኢፍቱ ፈቀደች። በቀጠሮዋ ቀን ከኦቦ ጋር የክፍላችንን በር ዘግተን ክሊኒክ ላለችው ኢፍቱ ደወልን። ነርሷ ተናገረች፤ ሰቢሪና በኦሮምኛ አስከተለች፦ “ሕመሙ ብሶብሻል፤ መድኃኒቱን ለምን አቋረጥሽ?”

“ዲኖ ‘ነርሷ ድነሻል ብላለች’ አለኝ እኮ!” አለች ኢፍቱ።

ነርሷ እንደነገረችን፣ ባለፈው ቀጠሮ ያለችው “እየተሻለሽ ነው፤ ካቆምሽ ግን ይብስብሻል” ነበር። ዲኖ ደስ የሚለውን መርጦ ነገራት። ክፋት የለበትም፤ ማስተርጎም ያስተማረው ሰው ግን የለም።

ኦቦ ከማለዲን ወደ ሰቢሪና ጠጋ ብለው “ጠይቂልኝ፣ ልጄ” አሉ። “ለአረፋ ብቻ ደርሳ ብትመለስስ?”

ሰቢሪና መልሱን ስትሰማ ወደ እኔ አየች። አልረዳኋትም፤ እንደሰማችው መንገር የእሷ ሥራ ነው።

“ነርሷ አይሆንም ብላለች። ኢፍቱ ሕክምናውን እንደገና ትጀምራለች፤ አሁን ከክሊኒኩ መራቅ የለባትም።”

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። “ዲኖን በስልክም ቢሆን እዚህ ክፍል አስገቢልኝ። እንግሊዝኛውን ያውቃል፤ እውነቱን መናገሩን አስተምሪው።”

የእንግሊዝኛ ኮርስ በየከተማው ሞልቷል፤ የሚጨርሱት ሰርተፍኬታቸውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት አስተርጓሚዎች ቢያወጣ ስደተኛው ሐኪሙ ያለውን በሙሉ ይሰማል፣ የሚፈርመውን ውል አውቆ ይፈርማል፤ ተማሪውም ሥራ ያገኛል። ይህን ለመረዳት የአንዲት ልጅ ሕመም መባስ አልነበረበትም።

ኦቦ ከማለዲን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

“ኢፍቱ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼልሽ ነበር። ግድ የለም፣ ይቆይ። ለአረፋ አትምጪ፣ ልጄ። ድነሽ ነይ።”