በበቅሎ የተረጋገጠ ጥናት

ስለ ጭነት ማመላለሻ የጻፍኩት የኮሌጅ ጥናት ለሽልማት ታጭቶ ሳለ መምህሬ «አንዷን ዓረፍተ ነገር ካልሰረዝሽ» ብለው ድርቅ አሉ። ዓረፍተ ነገሯ «በክረምት ከበደሳ ከተማ ተነሥቶ አሰበ ተፈሪ ከተማ ቀድሞ የሚደርሰው በበቅሎ የተጫነ ጫት እንጂ በመኪና የተጫነው አይደለም» ትላለች። «ልጄ፣ ዳኞቹ ይስቁብሻል» አሉኝ። እኔ ደግሞ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝ፤ እልህ ያዘኝና «እንግዲያው መጥተው ይዩ!» አልኳቸው። መምህሬም በክረምቱ መጡልኝ።

ወደ አሰበ ተፈሪ ለመሄድ ከበደሳ ገና ከመውጣታችን ጂፓችን ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ተዘፈቀ። ሾፌሩ ሲታገል፣ ጫት የሚያመላልሱት ኦቦ አደም በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ደረሱ። መምህሬ ሊጠይቋቸው እጃቸውን ቢያነሱ «አታስቁመኝ ጌታው፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል! ግማሽ መንገድ ላይ ያልደከመ በቅሎ ይጠብቀኛል፤ ጭነቱን ወደሱ አዛውሬ መብረር ነው» ብለው አለፉ። መምህሬ ጂፑን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፤ ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው «ኦቦ፣ ለእኛስ ቦታ አለ?» ብለው ሲጣሩ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሁለት ባዶ በቅሎዎች ነበሯቸው፤ ወጣንባቸው።

በሽልማቱ ቀን አንዱ ዳኛ ጥናቴን ገልጠው፣ እየሳቁ «ይህቺን ነገር ያረጋገጠ ሰው አለ?» አሉ።

መምህሬ ብድግ አሉ። «አለ። እኔ ራሴ ከጫቱ ጋር ተጭኜ ደርሻለሁ። ጂፑ የደረሰው በማግስቱ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንደኛ ወጣሁ፤ ከዓረፍተ ነገሯም አንዲት ቃል አልተሰረዘች!