በአንድ ቁጥር የተቀጣ ገበያ

የሰደበኝ ወርቅነህ ነው። ቀኑ የግንቦት ልደታ ማግሥት፣ ዓመቱ ፲፱፻፺፮፣ ቦታው ስማዳ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ግርጌ ካለው ዋርካ ሥር። የቄሰ ገበዙ በቅሎ ጠፍታ አገሩ አውጫጭኝ ተቀምጦ ነበር። አውጫጭኝ ማለት የጠፋው እስኪገኝ ሰው ሁሉ ሥራ ፈቶ አንድ ቦታ የሚውልበት፣ እያንዳንዱም የሚጠረጥረውን የሚያወጣበት የአባቶች ሥርዓት ነው። ተራው ሲደርስ ወርቅነህ ተነሣና በዘንጉ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «መሬት የሌለው ሰው እጁ ረዥም ነው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ያጣሁት መካነ ኢየሱስ ከተማ ሰባተኛ ክፍል እየተማርሁ በሌለሁበት በተደረገው ድልድል ነው፤ ከደልዳዮቹም አንዱ ራሱ ወርቅነህ ነበር። በቅሎዋ አልተገኘችም። የታጨችልኝ ልጅ ወላጆች ግን ሽማግሌዎቼን በዚያው ሳምንት መለሱ።

ይህን የማነሣው ቂሜን ለማውራት ብቻ አይደለም። ሰው የማያውቀውን ጥበብ በሚያውቀው በደል ቢያስረዱት ይገባዋል። ክፋቱ፣ የሚገባው ከዘገየ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አርብ፣ ልጄን ፍሬሕይወትን ይዤ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን በእግራችን አርብ ገበያ ደረስን። የነርስነት ትምህርት በነጻ የሚሰጥ አንድ ኮሌጅ የሚመዘግበው በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ ምዝገባውም የሚዘጋው በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። የስልክ ዳታ ባገራችን ከተቋረጠ ሰንብቷል። መንገድ ተዘግቶ ወደ ደብረ ታቦርም መኪና ቆሟል። የቀረን በሽቦ መስመር ኢንተርኔት የሚያገኘው የካሚል ሱቅ ነው። ካሚል የጨው ነጋዴዋ የጦይባ ልጅ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ተምሮ ተመልሶ ለገበያተኛው የሚሠራ ጨዋ ወጣት ነው።

ወርቅነህን እዚያ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስማዳ ወደዚህ ተዛውሮ ዛሬ የገበያው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ኢንተርኔቱን ለሱቆቹ ሁሉ የሚያከፋፍለው ሣጥን የተቆለፈበት ክፍል ቁልፍ በአንገቱ ላይ ነው።

«አለበል ነህ? አረጀህሳ» አለኝ።

«እርስዎም አልቀሩ» አልሁት።

ካሚል የፍሬሕይወትን ወረቀቶች ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ደጋግሞ ሞከረና እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

«አያ አለበል፣ አልተቀበለንም። ኮሌጁ ከትናንት ጀምሮ ይህን ገበያ አግዶታል።»

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«እሷማ ምንም። ከዚህ ከገበያው አንድ ሰው የሌሎችን ተማሪዎች የይለፍ ቃል ሊሰብር ሲሞክር ነበር መሰለኝ። ኮሌጁ የሚያየው የሰውየውን ስም አይደለም፤ የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሁላችንም ነው።»

ወርቅነህ ሳቀ። «ይህን ሁሉ ሱቅ በአንድ ቁጥር? ለምን ለየራሳችሁ አታወጡም? ቁጥር እንደሁ አያልቅ።»

«አልቋል፣ አያ ወርቅነህ።»

«ቁጥር? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባለው? ሂድ ወዲያ።»

«እርስዎ የሚቆጥሩትማ አያልቅም። ኢንተርኔት ሲጀመር ግን የአድራሻው ቁጥር ርዝመት ተወስኖ ነበር። በዚያ ርዝመት የሚወጣው አራት ቢሊዮን ከምናምን ነው። ያኔ ይተርፋል እንጂ አያንስም ተባለ። ቀድመው የነቁት አገሮች፣ ኩባንያውም ዩኒቨርሲቲውም፣ በቁና አፈሱት። በ፳፻፫ ዓ.ም. ዋናው ጎተራ ተጠርጎ ለየአህጉሩ የመጨረሻው ድርሻ ተሰጠ። የአፍሪካ ድርሻ ትንሽ ቆየ፤ እሱም ተሟጦ አሁን ለጠየቀ የሚሰጠው ቅምሻ ነው።»

«እኛስ ሲከፋፈል የት ነበርን?» አለ ወርቅነህ፣ እውነት እንደተቆረቆረ።

ትምህርት ቤት ነበርሁ ልለው ከአፌ ደርሶ ተውሁት።

«እኛ አልደረስንም» አለ ካሚል። «ስለዚህ አንዷን ቁጥር ለብዙ እንከፋፈላታለን። መድኃኒቱ ግን ተገኝቷል። አዲስ ረዥም ቁጥር ወጥቷል፤ ባገሩ ላለ ስልክ ሁሉ ለየብቻው ቢሰጥ የማያልቅ። መስመሩ እስከ እኛ ያመጣዋል፣ ኮሌጁም ይቀበለዋል። የማያውቀው የእርስዎ ሣጥን ነው። ይቀየር ብዬ ጥር ላይ ለምኜዎት ነበር።»

«የሚሠራ ዕቃ ለምን ይጣላል? የሚያርስ በሬ አይታረድም።»

«ያርስ ነበር። ዛሬ ተኝቷል።»

ወርቅነህ ዘንጉን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረገ። «ሌባውን ማውጣት ነዋ። ገበያተኛው ይጠራ፤ አውጫጭኝ እንቀመጥ። ሳይመሽ ይታወቃል።»

ቃሉን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። ካሚል የእኔን ታሪክ አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ እንደዚያ ረጋ ብሎ ባልጠየቀ።

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«እንጃ። ሥራ የሌለውን ነዋ።»

«ይቺ ልጅ ሥራ የላትም። እሷን እንያዝ? ወይስ ኮምፒውተር የሚያውቀው የጦይባ ልጅ ነው ይባል?»

«አንተንማ አውቅሃለሁ።»

«ኮሌጁ አያውቀኝም። እርስዎንም አያውቅዎ። ትናንት የልጅ ልጅዎን ውጤት እዚሁ አላየንም? በዚያው ቁጥር ነው። ኮሌጁ ዘንድ ሌባው እርስዎም ነዎት።»

«እኔ ወርቅነህ?»

«እርስዎ።»

«ባልነካሁት?»

«ባልነኩት።»

«ታዲያ ማን ዘንድ ሄጄ ነው አይደለሁም የምለው?»

«ማንም ዘንድ። የሚሰማ የለም። እስኪያነሡልን መቀመጥ ነው።»

ሽማግሌው አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ስንት ዘመን የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ደስ አላለኝም። ልጄ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ፌስታል ውስጥ እየመለሰች ነበር።

ካሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ሣጥኑ ቢቀየር ያጠፋው በራሱ ቁጥር ይታገዳል፤ ያላጠፋው ሥራውን ይሠራል። ተማሪው ይመዘገባል፤ ነጋዴው የባሕር ዳርን ዋጋ ሳይጓዝ ይጠይቃል፤ የታመመ ሐኪም ያማክራል። አንድ ሰው ባጠፋ አገር አይዘጋም። እኔ የምለው ይኸው ነው።»

«ገባኝ» አለ ወርቅነህ፤ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይቀየር። ተሳስቻለሁ።»

«ዕቃው የሚመጣው መንገድ ሲከፈት ነው።»

«ለዚች ልጅስ?»

«ለእሷ አይደርስም።»

ፍሬሕይወት ቀና አለች። «የሚመጣው ዓመትስ በነጻ ይቀበሉ ይሆን?»

«እንጃ፣ እህቴ» አለ ካሚል።

እንግዲህ ይህን ለምታነቡ ምክሬ ይህ ነው። አሮጌው እየሠራ ነው ብላችሁ አዲሱን ደጅ አታስጠኑት። የፊተኛው ጎተራ ሳንደርስ ተጠርጓል፤ ያንን ማንም አይመልስልንም። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ እኛ ግን በሩ ላይ ቆመን እንከራከራለን። ያመነውም ሰው የሚያምነው የሌላ ሰው ልጅ ዕድል ካለፈ ወዲያ ነው። ይህን ስጽፍ ሣጥኑ ገና አልመጣም።

ልንወጣ ስንል ወርቅነህ ጠራኝ።

«አለበል።»

«አቤት።»

ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ድምፁ ለስልሷል፤ እንዲህ ሲለሰልስ ሰምቼው አላውቅም። ካሚልም ልጄም ቆመው ይሰማሉ።

«ያቺ የቄሰ ገበዙ በቅሎ» አለ። «አንተ አልወሰድኻትም፣ አይደል?»

የልጄን ፌስታል ከእጇ ተቀብዬ የስማዳን መንገድ ያዝሁ።