የጋሼ ነዚፍ ሰም

ሐሙስ የሁሩሙ ገበያ ሲበተን ሚኒባሱ ሞልቶ ጥሏት ሄደ። ፍሪጅ ጠጋኟ ሐምዲያ መንገድ ዳር ቆማ ሾፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ስትራገም አንዲት ነጭ ኮሮላ አጠገቧ ቆመች። የመቱው ማር ነጋዴ ጋሼ ነዚፍ ነበሩ።

«ግቢ፣ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! በእግርሽ መቱ ልትደርሺ ነው?»

ገባች። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ይፋጃል፣ ሽታው ግን የቀፎ ነው።

«ጋሼ፣ ማር ፈሶብዎት ነው?»

«ማር አይደለም፣ ሰም ነው። የኤሲው ቱቦ ቢያፈስብኝ በሰም ደፈንኩት» አሉ እየኮሩ። «አርባ ዓመት የማር እንስራ ስደፍን ጠብታ አምልጦኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ላብዎ ለምን አመለጠዎት?»

ጋሼ ነዚፍ ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ ጭንቃቸውን አወጡት። ልጃቸው ኢህሳን ጋምቤላ የበኩር ልጇን ወልዳለች። ባለቤታቸው እትዬ ዘህራ ግን አስም አለባቸው። መስኮት ቢከፈት አቧራው ያፍናቸዋል፤ ቢዘጋ ደግሞ ከቡሬ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል ያለው ሙቀት አያስችልም።

«ቅዳሜ ካልወሰድኳት የልጅ ልጇን በስልክ ልታቅፍ ነው። ነገ ጋዝ አስሞላና ሰሙን አወፍረዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ አስሞሉ?»

«ዘንድሮ ሦስቴ። ምን ይደረግ፣ ኤሲ ጋዝ ይበላል።»

የሚያፈስን ነገር መሙላት በእኛ ዘንድ ጥገና ይባላል። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እንገዛለን፤ ባልዲው ሲሞላ ትልቅ ባልዲ እንገዛለን። ሐምዲያ ይህን ስትሰማ ምላሷ አያርፍላትም።

«ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፣ ጋሼ። እንደ ደም ይዞራል እንጂ። ደምዎ ቢጎድል ሐኪሙን ‹ጨምርልኝ› ይሉታል ወይስ ‹የሚደማውን ፈልግልኝ›?»

«ሰሙስ?»

«ማር ጨዋ ነው፤ ካስቀመጡት ይቀመጣል። ጋዝ የታሰረ ወይፈን ነው፤ ሲገፋ ነው የሚውለው። ሞተሩ ሲግል ደግሞ ሰምዎ እንደ ጧፍ ይቀልጣል።»

«ለመሆኑ የማን ተማሪ ነሽ?»

«የማንም። ሦስት ፍሪጅ አበላሽቼ አራተኛው አስተማረኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ፣ አላመኗትም። ሆኖም ሌላ ባለሙያ ፍለጋ ጅማ ድረስ ለመሄድ ቀኑ አልበቃቸውም። «ቶሌ፣ እሺ፣ ነገ ጠዋት ነይ። ካቃተሽ ግን ሰሙን እመልሳለሁ።»

አርብ በማለዳ ሐምዲያ ጋሼ ነዚፍ ግቢ ውስጥ የዓይን መከላከያና ጓንት አድርጋ ኮፈኑን ከፈተች። «ይህ ጋዝ ዓይን ካገኘ እንደ በረዶ ያቃጥላል። ራቅ ይበሉ።» ሰሙን ጠርጋ ቱቦውን በሳሙና አረፋ ቀባችው። ጋሼ ነዚፍ ሰም የለጠፉበት ቦታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ክንድ ርቆ፣ ዘይትና አቧራ የተጋገረበት መጋጠሚያ ላይ ግን አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ያልታመመ እግር ነበር ያሰሩት፣ ጋሼ።»

እትዬ ዘህራ የሕፃኑን ልብስ በሻንጣ እያጠፉ ከበረንዳ ሆነው ሳቁባቸው።

የቀረችውን ጋዝ ባዶ ሲሊንደር ውስጥ ሳበቻት። መጋጠሚያውን ፈትታ የደረቀችውን ኦሪንግ፣ ያችን ቀለበት የምታህል ጎማ፣ በአዲስ ቀየረች። ከፍሪጅ ሞተር ራሷ በሠራችው መሳቢያ አየሩን ከቱቦው አወጣች። የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ ከዜሮ በታች ወረደ። መሳቢያውን ዘጋች።

«በይ ጋዙን ሙዪው እንጂ!» አሉ ጋሼ ነዚፍ።

«አልሞላም። መርፌው ካልተነሣ ቀዳዳ የለም። እንጠብቃለን።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርፌው ቀስ እያለ ተነሣ።

«ዘህራ፣ ሰሙን አምጪልኝ!» ሲሉ ጋሼ ነዚፍ ግቢውን በሳቅ ሞሉት።

የሐምዲያ ፊት በርበሬ መሰለ። ጉራ ያስቸኩላል፤ ችኮላዋንም የምታውቀው ራሷ ነበረች። መፍቻውን አንሥታ መጋጠሚያውን መልሳ ፈታችው። አዲሱ ኦሪንግ ተቆንጥጦ ተሰንጥቋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። ዘይት ሳልቀባ በደረቁ ገጠምኩት።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። ጎማዋን ተቀብለው በጣታቸው እያገላበጡ ብዙ አዩአት።

«ጋራዡ ሦስቴ ሲሞላልኝ አንድ ቀን ‹ጥፋቴ ነው› አላለኝም። ይቺ መርፌ ለባለቤቷም አታዳላም?»

«አታዳላም።»

«እንግዲያስ ዳኛ ናት። ቀይሪው፣ ልጄ። ዘይቱን ግን እኔ እቀባለሁ፤ መቀባት የእኔ ሙያ ነው!»

ሁለተኛው ፈተና ሲጀመር ጋሼ ነዚፍ ጁምዓ ሊሰግዱ ሄዱ። ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ወደ ጌጁ ሮጡ። መርፌው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ያኔ ብቻ ሐምዲያ ጋዙን በሚዛን ለክታ ሞላች።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ነጂው አራርሳ ከአጥር ውጭ ተጣራ። «ጋሼ፣ የእኔም ኤሲ ጋዝ በልቷል፤ የት ነው ያስሞሉት?»

«ኤሲ ጋዝ አይበላም!» አሉ ጋሼ ነዚፍ፣ ሠላሳ ዓመት እንዳስተማረ መምህር። «መጀመሪያ ቀዳዳውን በሳሙና ፈልግ፣ ጎማውን ቀይር፣ መርፌዋ ስትፈርድልህ ብቻ ሙላ። አንዴ በትክክል ከደፈንክ ዓመት ሙሉ አትመላለስም፤ ተሳፋሪህም አቧራ አይውጥም፣ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰርህም አይቃጠልም። ሰም ለማር ነው፤ ከእኔ ስማ!»

«ሐሙስ ሁሩሙ ላይ ጥለኸኝ የሄድከው አንተ አይደለህ?» አለች ሐምዲያ። አራርሳ አቀረቀረ። «ሰኞ ና። አንተን ግን ወረፋ አስጠብቅሃለሁ።»

ጋሼ ነዚፍ አንድ ትንሽ እንስራ አስያዟት። ከቱቦው የተጠረገው ሰም ለሻማ ተቀምጧል፤ የእንስራው አፍ ግን በንጹሕ፣ በአዲስ ሰም ተደፍኗል። «የያዮ ጫካ ማር ነው። ይህ ካፈሰ ሰዳቢዬ አንቺ ነሽ።»

መኪናው ውስጥ የነበሩት እትዬ ዘህራ መስኮቱን ጣት ታህል ዝቅ አደረጉ።

«ነዚፍ!»

«ምነው፣ አፈነሽ እንዴ?» ደንግጠው ዞሩ።

«በረደኝ! ጋቢዬን አምጣልኝ!»

«ጋምቤላ ለመሄድ ጋቢ?»

«አዎ፣ ጋምቤላ ለመሄድ ጋቢ! ቶሎ በል፣ ልጁ ሳያድግ እንድረስ።»