መስኖው ዳር የተተከለው ሳጥን

ሚኒባስ ላይ የሚከፈለው ለወንበሩ ነው፤ ወሬው ምርቃት ነው። ከአምቦ ወደ ጌዶ ስንሄድ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ምንድን ነው የምትማረው፣ ልጄ?»

«ማስተርስ ነው ኦቦ፣ ኮንትሮል ኢንጂነሪንግ። ማሽን ራሱን እንዲቆጣጠር ማድረግ ነው።»

«ሰው ሲያቅታችሁ ማሽን ያዛችሁ? ታዲያ ፊትህ ለምን ጠቆረ?»

«ለመመረቂያዬ ውሃ የሚለካ ሳጥን ሠርቼ መስኖአችን ዳር ተከልኩ። ሽቦና ባትሪ አለው፤ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።»

«ያ ዋቃ! በዚህ ጊዜ?»

«ታናሽ ወንድሜን ‹ሳጥኑን ጠብቅልኝ› ብዬው ነበር። የጸጥታ ሰዎች አዩትና ቦምብ ነው ብለው ልጁን ወሰዱት።»

«ውሃ መለኪያ ነው አይላቸውም?»

«ምን እንደሆነ አልነገርኩትማ። የሚገባው አልመሰለኝም። ማንም እንዳይነካው ብቻ ነው ያልኩት።»

«እሱስ ምን አላቸው?»

«‹እንዳትነኩት!› ብሎ ጮኸባቸው።»

«አሁን ወዴት ነህ ታዲያ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ ልላቸው።»

«አንተንም ጨምረው ቢያስቀሩህስ?»

«ያኔ ብቻውን አይሆንም።»

እኔ ሽንኩርት ልገዛ ጉደር ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ ጉደርን ስናልፍ ግን «ወራጅ አለ» ሳልል አብሬያቸው አለፍኩ።